ፓንዚ በድሬ ምድር? የአበባ ዘር ጥያቄና መልስ

የነሐሴ ዝናብ ሊያበቃ ነው፤ የዘር ጥያቄም በዝቷል። ዛሬ ማታ ክፍት ነው፣ ጠይቁ። አንድ ነገር ብቻ ላስቸግር። ድሬ ናችሁ ወይስ ሐረር? መጀመሪያ እሱን ጻፉ። ድሬ 1,200 ሜትር ገደማ ላይ ናት፣ ሐረር ወደ 1,900 ትጠጋለች። ለሚኒባስ ቅርብ ነው፤ ለዘር ግን ሌላ አገር ነው።

ከሳቢያን፦ ጋሼ፣ ፓንዚ ሦስት ጊዜ ዘርቼ አንድም አልበቀለልኝም። ፓኬቱ ላይ እንዳለው ሚያዝያ ላይ ነው የዘራሁት። ዘሩ የተበላሸ ይሆን?

መልስ፦ ዘሩን አትውቀሺው። ፓኬቱ የተጻፈው ሚያዝያ ላይ ገና ብርድ ለሚለቃቸው ሰዎች ነው። ድሬ ያኔ ምጣድ ናት። የፓንዚ ዘር ከ18 እስከ 20 ዲግሪ ይወዳል። ከ25 በላይ ሲሆን ወይ ይተኛል ወይ ይበሰብሳል። እኔም በመጀመሪያው ዓመት ትሪውን ቆርቆሮ በረንዳ ሥር አስቀምጬ ሁለት ፓኬት ጨርሻለሁ። ዘራሁ አልልም፣ ቀቀልኩ።

ወሩን ከኋላ ቁጠሪ። ለፓንዚ ድሬ የምትመቻት ከኅዳር እስከ ጥር ነው፣ ቢበዛ የካቲት። ከዘር እስከ አበባ ከ10 እስከ 14 ሳምንት ይፈጃል። ስለዚህ ታኅሣሥና ጥር ላይ አበባ ያማረው ሰው መስከረም መጨረሻ ላይ መዝራት አለበት። ያኔ ደግሞ ድሬ ገና አልበረደችም። የኔ መላ ሐረር ያለች እህቴ ናት። ትሪው እሷ ጋ ይበቅላል፣ አራት አምስት ቅጠል ሲያወጣ ኅዳር ላይ ወደ ድሬ ይወርዳል።

ሐረር ዘመድ ከሌለሽ ቤት ውስጥ ወለሉ ላይ፣ ከውሃው እንስራ አጠገብ አድርጊው። አንድ እጅ አፈር፣ አንድ እጅ አሸዋ፣ አንድ እጅ በደንብ ያረጀ ፍግ በወንፊት ንፊ። መጀመሪያ አፈሩን አርጥቢ፣ ከዚያ ዝሪ፣ 3 ሚሊሜትር ብቻ አልብሺው። ፓንዚ ለመብቀል ጨለማ ይፈልጋል። ትሪው ላይ ሁለት እንጨት አጋድሚና እርጥብ ጆንያ ጣል አድርጊበት፣ አፈሩን ግን አይንካ። ውሃው ሲተን ትሪውን ያቀዘቅዘዋል፤ እንስራ ውሃ የሚያቀዘቅዘው በዚሁ ነው። ከ10ኛው ቀን ጀምሮ ጠዋት ጠዋት ገለጥ እያደረግሽ እዪ። ጎንበስ ያለ አረንጓዴ አንገት አፈሩን ሲገፋ ካየሽ ጆንያውን በዚያው ሰዓት አንሺና ብርሃን አሳዪው። አንድ ቀን ከዘገየሽ እንደ ክር ይረዝማል። ብርሃን አልኩ እንጂ የቀትር ፀሐይ አላልኩም። ውሃም አታጥለቅልቂ።

ከከዚራ፦ ጽጌረዳ ከዘር ይሆናል?

መልስ፦ ይሆናል፣ ግን ምን በወጣህ። ቅርንጫፍ ቆርጠህ ትከል። ቡገንቪሊያም እንደዚያው።

ከገንደ ቆሬ፦ የደቻቱ አሸዋ ይሆናል? ነጻ ነው ብዬ ነው።

መልስ፦ ወንዙ ከተማውን አቋርጦ ነው የሚያልፈው፤ ምን ይዞ እንደሚወርድ ታውቃለህ። ውሃው እስኪጠራ እጠበው፣ ከዚያ የፈላ ውሃ አፍስስበት። ሲበርድ ተጠቀም።

ከሸንኮር፦ አበባዬ አልበቀለም፣ ምን ላድርግ?

መልስ፦ የትኛው አበባ? መቼ የተዘራ? በምን አፈር? ሐኪም ቤት ገብተህ «አመመኝ» ብለህ ዝም ትላለህ እንዴ?

ከሸንኮር፦ ይቅርታ ጋሼ፣ ፔቱኒያ ነው። አንድ ጣት አፈር አልብሼዋለሁ።

መልስ፦ ቀበርከው በለኛ። የፔቱኒያ ዘር አንድ ግራሙ ወደ 10,000 ፍሬ ነው፣ ዱቄት በለው። ብርሃን ካላየ አይበቅልም። ከደረቅ አሸዋ ጋር ቀላቅለህ በትነው፣ በእጅህ ጫን ጫን አድርገው፣ በቃ። ከላይ ውሃ አታፍስስበት፣ ዘሩን ጠርጎ አንድ ጥግ ይከምረዋል። ትሪውን ሳፋ ውስጥ አስቀምጠው፣ ከሥር ይጠጣ።

ከጀጎል፦ እኔ የምለው፣ ድሬዎች ለምን ትደክማላችሁ? አበባ የሐረር ነው። እናንተ ቡገንቪሊያችሁ ይበቃችኋል።

ከመጋላ፦ አቦ! የምታጠጡበት ውሃ ከኛ ቆላ ተገፍቶ እየወጣ አበባ የሐረር ነው ትላለህ?

ከጀጎል፦ ውሃ እናገኝበት የነበረው የሐረማያ ሐይቅ ስለደረቀ ነዋ። አሁን እኮ ውሃው ተመልሷል።

ከመጋላ፦ ተመለሰና ቧንቧህ ውስጥ ገባ? በሳምንት ስንት ቀን ነው የሚመጣላችሁ?

መልስ፦ ሐይቁን ተዉት። ግን ነገሩ ከተነሣ አይቀር፣ ሐረር ውሃ በመጣ ቀን ሁሉም ሰው የሳምንቱን አንዴ ያጠጣል። ችግኝ የሚሞተው በዚያ ነው። በርሜሉን ሙሉ፣ ችግኙን ግን በየቀኑ በጥቂቱ አጠጡ። ድሬዎች ደግሞ የጉድጓድ ውሃችሁ ጨው ይተዋል። ማንቆርቆሪያችሁ ውስጥ የሚጋገረው ነጭ ነገር ትሪው ላይም ይጋገራል፣ ቅርፊቱን ፋቅ እያደረጋችሁ ጣሉት። አሁን የዝናብ ውሃ አለ፣ ያዙ።

ከለገሃሬ፦ በቀለልኝ ብዬ ስደሰት ችግኞቹ ግርጌያቸው ቀጥኖ ተራ በተራ ተኙ። እንደታጨደ ሣር።

መልስ፦ ሻጋታ ነው። ከየት መጣ? ከውሃ ብዛት፣ አጠጋግቶ ከመዝራት፣ ያልበሰለ ፍግ ከመጠቀም። የወደቀው አይነሣም። የወደቁትን ከነአፈራቸው አውጪ፣ የቀሩትን አራርቂ፣ ነፋስ ያግኛቸው። ማታ አታጠጪ፣ ጠዋት ብቻ። አታጥለቅልቁ ስል ይኸው ስንተኛዬ ነው?

ከከዚራ፦ እናቴ ግን ቀትር ላይ ነው የምታጠጣው፤ ምንም አልሆነም።

ከሳቢያን፦ ጠብታው እንደ መነጽር ሆኖ ቅጠሉን ያቃጥላል ይባላል እኮ።

መልስ፦ ይባላል። እኔ ቀትር ላይ የማላጠጣው ግን ግማሹ ውሃ ተንኖ ስለሚቀር ነው። እናትህን ተዋቸው፣ ከኔ የበለጠ አጠጥተዋል።

ከአራተኛ፦ ልጄ፣ ዐይኔ ደክሟል፣ ድካምም አልችል። ሐረር ነኝ። ብዙ የማያስቸግር አበባ ንገረኝ።

መልስ፦ እማማ፣ ዚኒያ ይዝሩ። አገሯ ሜክሲኮ ነው፣ ፀሐይ አትፈራም። ዘሯ ትልቅ ነው፣ በጣት ይያዛል። ሥሯ መነካት ስለማይወድ እዚያው የምትኖርበት መደብ ላይ ይዝሯት። በሳምንት ውስጥ ትወጣለች፣ በሁለት ወር ገደማ ታብባለች። ሲያጠጡ ቅጠሏን አያርጥቡ፣ አመድ የመሰለ ነገር ያለብሳታል። ድሬ ያላችሁም እሷን ያዙ። ቪንካም አለች፣ የማዳጋስካር ልጅ፣ ለሙቀት የተፈጠረች። ግን መርዛማ ናት፤ ሕፃንና ፍየል ካለ በሩቁ።

ከመጋላ፦ ካለፈው ዓመት ፓንዚ ዘር መልቀም እፈልጋለሁ። መቼ እንደሚደርስ እንዴት ይታወቃል?

መልስ፦ ይኼ ጥያቄ ነው! አበባው ሲረግፍ ፍሬዋ አንገቷን ደፍታ ትቆያለች። ስትበስል ቀና ትላለች፣ አረንጓዴዋ ወደ ገለባ መልክ ይሄዳል። ያን ቀን ልቀማት። ነገ ብለህ ከተውካት ሦስት ቦታ ተሰንጥቃ እንደ ጀልባ ትከፈትና ዘሯን ታስፈነጥራለች። አንዴ ጠረጴዛ ላይ ትቻቸው ቡና ስጠጣ ጣ! ጣ! እያሉ ስኒዬ ውስጥ ገቡ። አሁን በወረቀት ፖስታ ነው የምይዛቸው። ጥላ ላይ ይደርቁ፣ ከዚያ ክዳን ባለው ጣሳ አድርገህ ፍሪጅ ውስጥ፣ በረዶ የሚሠራው ክፍል ውስጥ ግን አይደለም። ደግሞ ፓኬቱን እይ። ኤፍ1 (ድቅል ዘር ማለት ነው) የሚል ካለበት ልጆቹ እናታቸውን አይመስሉም፤ ቀለሙ ያሻውን ይሆናል። ኋላ እኔን እንዳትወቅስ።

ከገንደ ቆሬ፦ የዘራሁትን ጉንዳን እየተሸከመ ይወስድብኛል።

መልስ፦ ትሪውን ጠረጴዛ ላይ አውጣ። አራቱን እግር አራት ጣሳ ውሃ ውስጥ ክተት። ጠረጴዛው ግድግዳ አይንካ።

ከለገሃሬ፦ ጋሼ፣ ፓንዚ ድሬ ላይ መቼ ይዘራል?

መልስ፦ ወደ ላይ ውጪና አንብቢ።

ከመጋላ፦ እኔ ሐረር ዘመድ የለኝም። ጀጎል፣ አንተ አበባ የሐረር ነው ስትል ነበር። ትሪ ብልክልህ ታበቅልልኛለህ?

ከጀጎል፦ ውሃ በሳምንት ስንት ቀን ነው ስትለኝ አልነበር? ላከው፣ ግድ የለም። ኅዳር ላይ ስትመጣ ፓፓያ ይዘህ ና።

መልስ፦ ስታወርዱት ትሪውን በካርቶን ክተቱት፣ ጭናችሁ ላይ ያዙት፣ ጣሪያ ላይ አትጫኑት። ደንገጎ ቁልቁለቱን ስትጀምሩ መስኮት ይዘጋ። ነፋሱ ቅጠሉን ያደርቀዋል። ድሬ ስትደርሱም በዚያው ቀን አትትከሉ፣ ሦስት አራት ቀን ጥላ ሥር ይልመደው። ደግሞ ሞቆታል ብላችሁ አታጥለቅልቁት።