ሃይማኖት የግድ ነው ወይ ብላችሁ ለምትጠይቁኝ ልጆች

ባለፈው ሰሞን አንዲት ወጣት ነርስ ቴሌግራም ላይ ጻፈችልኝ፣ አብራኝ የሠራች ልጅ ናት። «ሲስተር፣ ሰው ሁሉ የግድ ሃይማኖት ሊኖረው ይገባል እንዴ? እኔ በልቤ ካቆምኩ ቆየሁ፣ ለእማዬ ግን እንዴት ብዬ ልንገራት?» ትላለች። መልስ ጽፌ አጠፋሁ፣ ደግሜ ጽፌ አጠፋሁ። ጥያቄው ከባድ ሆኖብኝ አይደለም፣ የዛሬ ስንት ዓመት አንዲት እናት የጠየቁኝን ነገር ስላስታወሰኝ ነው፣ እሱን ሳልናገር ለሷ ብቻ «አዎ» ወይ «አይ» ብዬ ብልክላት ምክር አይሆንም። እንደሷ የምታስቡ ብዙ እንደሆናችሁም አውቃለሁና ለሁላችሁም ልጻፈው።

የኔን በመጀመሪያ ልንገራችሁ። ኦርቶዶክስ ነኝ፣ እጾማለሁ፣ አቅሜ ሲፈቅድ አስቀድሳለሁ። የተወለድኩት ወሎ ነው። አክስቴ ሙስሊም አግብታ ሰልማ ነው የኖረችው፣ ልጆቿ ግማሹን ዕድሜያቸውን እኛ ቤት ነው ያደጉት። ሰርግ ሲሆን ሁለት ቦታ ይታረዳል፣ የእስላሙ ድስት ለብቻ የክርስቲያኑ ለብቻ፣ ቡናው ላይ ግን ሁሉም አንድ ላይ ነው። ቅሬውም (እናንተ እድር የምትሉት) አንድ ነው፣ ማንም ይሙት ማን ሁሉም ወጥቶ ይቆፍራል፣ ሁሉም ለቅሶ ቤት ይቀመጣል። ስለዚህ ሌላ ሃይማኖት ያለው ሰው ለኔ ብርቅ አይደለም። ጭራሽ ሃይማኖት የሌለው ሰው ግን ልጅ ሆኜ አይቼም ሰምቼም አላውቅም።

በቅርብ ያወቅሁት በ77ቱ ረሃብ ኮረም ላይ ነው። ያን ጊዜ ገና ተመርቄ መጠለያው ተመድቤ ነበር። ያ ጥቅምት ላይ የቢቢሲው ማይክል በርክና ሞሐመድ አሚን ቀርጸው ዓለምን ያስደነገጡበት ቦታ ማለት ነው። እናንተ ፊልሙን ዩቲዩብ ላይ ታዩታላችሁ፣ ብርዱን ግን ፊልም አያሳይም። ኮረም ደጋ ነው፣ ሌሊት የሚነፍሰው ነፋስ አጥንት ይገባል፣ ሰው ደግሞ ልብሱንም ከብቱንም ሸጦ ጨርሶ ነው የመጣው። ጠዋት ጠዋት ድንኳን ለድንኳን እየዞርን ሌሊቱን ያለፈውን እንለያለን።

እዛ አብሮን የሚሠራ ሳኒታሪያን ነበር፣ ጎንደር የተማረ የጎጃም ልጅ። የቄስ ልጅ ነው፣ ዳዊት ደግሟል፣ ተማሪ ሆኖ ግን ማመን አቁሟል። ይህን አይደብቅም፣ አይሰብክበትምም፣ ሲጠይቁት «እኔ አላምንም» ይላል በቃ። ዘመኑን ማወቅ አለባችሁ፣ የደርጉ ፓርቲ ኢሠፓ ገና መስከረም ላይ ተመሥርቶ ሃይማኖት የለኝም ማለት ሹመት የሚያስገኝበት ጊዜ ነበር። እሁድ ጠዋት ልክ በቅዳሴ ሰዓት የቀበሌ ስብሰባ ይጠራል። ፓትርያርኩ አቡነ ቴዎፍሎስም የመካነ ኢየሱሱ ቄስ ጉዲና ቱምሳም በ71 ተገድለው አስከሬናቸው እንኳን የት እንደወደቀ አይታወቅም ነበር፣ የተገኘው ደርግ ከወደቀ በኋላ ነው። (እውነቱን ለመናገር ያው ደርግ አረፋን፣ ኢድ አልፈጥርንና መውሊድን የመንግሥት በዓል አድርጓል፣ ሚያዝያ 12 ቀን 1966 አዲስ አበባ ላይ ሙስሊሙም ክርስቲያኑም አብሮ ወጥቶ የጠየቀውን ማለት ነው፣ እኛ ቤት አክስቴ እልል ብላ ነበር።) ልጁ ግን ፓርቲ አልገባም፣ ባለማመኑ ምንም አላገኘበትም። እንዲያውም ካድሬዎቹም ቄሶቹም እኩል ነበር የሚጠረጥሩት።

ሥራው ውሃው፣ ሽንት ቤቱ፣ ቅማሉና ቀብሩ ነው። በበርሜል ውሃ አፍልቶ ልብስ ይቀቅላል፣ ከዛ ወደ ሬሳው ይሄዳል። አጣቢ ሲጠፋ፣ ያው ወገን የሌለው ብዙ ነው፣ ራሱ ያጥባል። ማተብ ያለበትን አይቶ ይለያል፣ ማተብ የሌለውን ዝም ብሎ ሙስሊም ነው አይልም፣ ከጎኑ ተኝቶ የነበረውን፣ አብሮት በመንገድ የመጣውን ፈልጎ ይጠይቃል። ለአንድ ሽማግሌ ብሎ ድንኳኑን ሁሉ ሲዞር ያረፈደበትን ቀን አስታውሳለሁ፣ እኛ በሕይወት ላለው ሰው ግሉኮስ አጥተን እንጣደፋለን፣ እሱ የሞተ ሰው ሃይማኖት ይጠይቃል፣ ተናድጄ «አንተ አታምን፣ ምን አስጨነቀህ?» አልኩት። «እሱ ያምን ነበራ» አለኝ። ክርስቲያኑን አውራ ጣቶቹን አስሮ፣ ራሱን ወደ ምዕራብ እግሩን ወደ ምሥራቅ ያስተኛዋል፣ ሙስሊሙን በቀኝ ጎኑ አድርጎ ፊቱን ወደ ሰሜን ያዞረዋል፣ ከኮረም መካ ያለችው በሰሜን ነው። መገነዣ አቡጀዲ ሲያልቅ የእህል ጆንያ ይተረትራል። አርባ ቀን ሳይሞላው የሚሞት ሕፃን ሲኖር፣ እናትየው ክርስትና ሳይነሳ እንዳትል፣ ቄሱን ሌሊት ቀስቅሶ ያመጣል። ይህን ሁሉ የሚያደርገው አላምንም ያለው ልጅ ነው እንግዲህ።

ከዛ ታመመ። ግርሻ ነው፣ በቅማል የሚመጣው ትኩሳት፣ መጠለያው ውስጥ ስንቱን የጨረሰ። የጤና ተማሪዎች ታውቁታላችሁ፣ መድኃኒቱ ከተሰጠ በኋላ ጥቂት ሰዓት ቆይቶ የሚመጣ ማንቀጥቀጥ አለ፣ ትኩሳቱ ወደ ላይ ይወጣና ግፊቱ ይወርዳል፣ ልብ የደከመውን ሰው ይዞት የሚሄደው እሱ ነው። ፔኒሲሊኑን የወጋሁት እኔ ነኝ፣ ትክክል ነበር፣ ሌላም የሚደረግ አልነበረም። ከመርፌው በፊት ሙሉ ልቡ ነበር፣ ስለ ውሃ ጋኑ፣ ስለ ክሎሪኑ፣ ማን ሊተካው እንደሚችል ሁሉ ነገረኝ። ቄሱ ያለው ከኛ ድንኳን ቀጥሎ ነው። ልጠይቀው አሰብኩ። አልጠየቅሁትም። አቋሙን ማክበር መስሎኝ ነው፣ ደካማ ሰዓቱን ጠብቄ የገባሁበት እንዳይመስለው ፈርቼ ነው። ሌሊቱን አለፈ።

ቄሱ ፍትሐት ማድረግ ተቸገሩ፣ «አላምንም ሲል በጆሮዬ ሰምቼዋለሁ፣ በልጁ ላይ እንዴት ልዋሽ» አሉ፣ ዓይናቸው እንባ ሞልቶ ነው ያሉት፣ አልቀየምኳቸውም። ጉድጓዱን የቆፈሩት አብረውት ሲቀብሩ የነበሩ ሰዎች ናቸው፣ ሙስሊሙ ሽማግሌ ዱዓ አደረጉለት፣ አንድ ካድሬ ደግሞ ንግግር አደረገ፣ ልጁን ያላወቀው ሰው ያደረገው ንግግር።

እናቱ የመጡት ከወራት በኋላ ነው፣ ከጎጃም በስንት መኪና ተሳፍረው፣ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው። መቃብሩን አሳየኋቸው። ብዙ አለቀሱ፣ ከዛ ተቀመጡና ፍትሐት ተደርጎለት እንደሆነ ጠየቁኝ። አልተደረገለትም አልኳቸው። ልጃቸው ማመን ማቆሙን ያውቃሉ፣ አባቱ ጋ የተጣላበት ጉዳይ ነው። ቀና ብለው አዩኝና «አልፈልግም አለ ወይስ የጠየቀው የለም?» አሉኝ።

የጠየቀው የለም።

ከዛ በኋላ አዲስ አበባ ሆስፒታል ስሠራ፣ ሰው ሲከብድበት አጠገቡ ተቀምጬ «የምጠራልህ ሰው አለ?» ማለት ጀመርኩ። ካርዱ ላይ የተጻፈውን ሃይማኖት አይቼ አልወስንም፣ ካርድ የሚያስሞላው ያመጣው ዘመድ ነው። የንስሐ አባቴን የሚል አለ፣ ሼሁን የሚል አለ፣ ፓስተሬን የሚል አለ። መስጊድ ደጃፍ ያደጉ አንድ ሰውዬ «ማንንም አልፈልግም፣ ሬዲዮኑን ብቻ ክፈቺልኝ» ብለውኛል፣ ከፈትኩላቸው። ከሁሉ የሚበዛው ደግሞ የተጣላውን ሰው ነው የሚጠራው።

እና ለጥያቄያችሁ፣ ሰው ሁሉ ሃይማኖት ሊኖረው ይገባል ብዬ በሌላ ሰው ላይ አልፈርድም። ሕገ መንግሥቱም አንቀጽ 27 ላይ ያለው ይህንኑ ነው፣ ማንም ሰው በመረጠው ማመን ይችላል፣ ይህን ነፃነቱን የሚነካ ማስገደድ ክልክል ነው። በ99ኙ ቆጠራ ኦርቶዶክስ 43.5፣ ሙስሊም 33.9፣ ፕሮቴስታንት 18.6 በመቶ ነበር፣ ባህላዊውና ካቶሊኩ ሲወጣ «ሌላ» የሚባለው ከመቶ አንድ እንኳን አይሞላም። ግን በዚያ ቁጥር ውስጥ እንደዚች ልጅ ከልቧ ሳይሆን እናቷ እንዳታዝን ብላ የተቆጠረች ስንት አለች? አገራችን ውስጥ «ምንም» ማለት ከባድ ነው፣ ስታገቢ ይጠይቁሻል፣ ስትሞቺ ይጠይቁሻል፣ ቤተክርስቲያን ለመቀበር የንስሐ አባትና የሰበካ ጉባኤ ክፍያ ይፈለጋል፣ ሌላውም በየራሱ መካነ መቃብር ነው።

ይህን ብዬ ደግሞ ልቤን ደብቄ አልሄድም፣ ልጄ ብትሆኑ ኖሮ «ያዙ» ነበር የምላችሁ። ኮረም ላይ ልጆቿን በየተራ የቀበረች ሴት ጠዋት ተነስታ ፊቷን አማትባ፣ ጎረቤቷ ደግሞ ለሱብሒ ውዱ የምታደርግበት ውሃ አጥታ በአፈር ተየሙም አድርጋ ሰግዳ፣ ሁለቱም ቁጭ ብለው የሌላ ሰው ልጅ ሲያጎርሱ አይቻለሁ፣ ያንን ያቆማቸውን ነገር መድኃኒት ቤት አላገኘሁትም። ያ ልጅ ግን ያለሱ ቆሞ ነበር። ሁለቱንም አይቻለሁ፣ ሁለቱም እውነት ነው፣ አስታርቁልኝ ብትሉኝ አልችልም።

የማልወደውን ልናገር። ቲክቶክ ላይ ላይቭ ከፍታችሁ የሰውን ነቢይና የሰውን ታቦት የምትሳደቡ ልጆች፣ ያ ሃይማኖት አይደለም። ስታዩዋቸው ይህ ሁሉ ተመልካች የሚሰበሰበው ለስድብ ነው፣ ስለ ጾም ስለ ዘካ ቢያወሩ ማን ያያቸዋል። ካመናችሁ ቁርኣኑንም ወንጌሉንም ተማሩት፣ የኛ ጊዜ ልጅ እኮ ሲክድም እንኳን ዳዊት ደግሞ ነበር የሚክደው፣ አሁን የሚክደውም የሚያምነውም ከአጭር ቪዲዮ ነው። ደግሞ በሚያምን ሰው ላይ የምትስቁ አላችሁ፣ እናቶቻችሁ ጠበል ሲሄዱ ኋላ ቀር የምትሉ። መድኃኒቷን እንዳታቋርጥ መንገር የናንተ ፋንታ ነው፣ ጠበሉ ምን አደረጋችሁ? ሁለቱንም አብራ ትያዘው።

ሌላ የምመክረው፣ እድር ግቡ። ተከራይም ብትሆኑ፣ ብታምኑም ባታምኑም። የብዙ ሰፈር እድር ማተብ አይጠይቅም፣ ወር በወር ከፍላችሁ ለቅሶ መድረስ ነው። የኛ ሰፈር ወጣቶች ሞት ሲመጣ ነው እድር የሚያስታውሱት።

ለጻፍሽልኝ ልጅ ደግሞ እንዲህ ልበልሽ። እናትሽን ልትነግሪያት ከፈለግሽ ሁዳዴ ላይ አትንገሪያት፣ በጾም ተዳክማ በስግደት ደክማ እያለች ይጎዳታል። ከፋሲካ በኋላ፣ ቤት ውስጥ ሰው በሌለበት፣ በስልክ ሳይሆን አጠገቧ ተቀምጠሽ። እሷ ያሳደገችሽን ነገር ስህተት ነው አትበያት፣ «እኔ እንደዚህ ሆኛለሁ» በያት። ታለቅሳለች፣ ምናልባት ትቆጣለች፣ የንስሐ አባቷን ታመጣብሽ ይሆናል፣ ቢመጡ ተነስተሽ ተቀበያቸው፣ ቡና አፍይላቸው። ከዛም በየበዓሉ ቤት መሄድ እንዳታቆሚ፣ ሽንኩርቱን እንደወትሮው አንቺ ክተፊላት።