በሩ ከውስጥ ይዘጋል ወይ?

ሰሞኑን እዚሁ አዳማ አንዲት የአርክቴክቸር ተማሪ "ጋሼ፣ ለስደተኛ እናቶችና ለልጆቻቸው ጊዜያዊ መጠለያ እየነደፍኩ ነው፤ ግድግዳው በምን ቢሠራ ይሻላል?" አለችኝ። ስለ ቀርከሃና ስለ ሸራ ነግሬ ሸኘኋት። ማታ ግን እንቅልፍ እምቢ አለኝ።

በ2006 ዓ.ም ጋምቤላ ነበርኩ። የደቡብ ሱዳንን ጦርነት የሸሸ ሰው በፓጋክ ድንበር በኩል በየቀኑ ይገባል፤ አብዛኛው ሴትና ሕፃን ነው። እኔ ሜትሬን ይዤ እሮጣለሁ። መስፈርቱ ይታወቃል፤ ለአንድ ሰው ቢያንስ 3.5 ካሬ ሜትር መጠለያ፣ ለ20 ሰው አንድ ሽንት ቤት፣ ከመጠለያው ከ50 ሜትር ያልራቀ። ቁጥሩ ሞላልኝ ብዬ ደስ አለኝ።

በጀት ሲጠብ ግን ከመታጠቢያው በር ላይ የውስጥ መቀርቀሪያውን አስቀረሁ። ከውጭ ሽቦ ይበቃል አልኩ። ሴቶቹንም ጠይቄያለሁ። በኑዌርኛ የሚያስተረጉምልኝ ጎረምሳ ነበር። አንገቱን ደፍቶ "ችግር የለም ይላሉ" አለኝ፤ እኔም እንደዚያው ጻፍኩ።

አንድ ቀን ረፋድ ላይ፣ አስተርጓሚው በሌለበት፣ አንዲት እናት በእጇ ጠራችኝ። መታጠቢያው ውስጥ ገብታ በሩን ገርበብ አደረገችው። በግራ እጇ የቆርቆሮውን ጠርዝ ጨብጣ ወደ ውስጥ ሳበች፣ በቀኟ ውሃ እየቀዳች ገላዋ ላይ እንደምታፈስ አሳየችኝ። ከዚያ ግራ መዳፏን ዘረጋችልኝ። ጣቶቿን ቆርቆሮው በልቷቸዋል።

መቀርቀሪያው የገባው ከሁለት ወር በኋላ ነው። በእነዚያ ሁለት ወራት ስንቷ በሌሊት ፈርታ ሳትወጣ እንዳደረች ሳስብ ዛሬም ያመኛል።

የዛሬ ልጆች ኮምፒውተር ላይ ቤቱን እያዞራችሁ ስታሳዩኝ እደነቃለሁ። ግን ሥዕሉ ውስጥ የምትታጠብ፣ የምታጠባ፣ እሳት የምታያይዝ ሴት አላይም። ይሄ ቅር ይለኛል። ለመጠየቅ ስትሄዱ ሴት አስተርጓሚ ይዛችሁ ሂዱ፤ ወንዶቹ ራቅ ይበሉ፣ አንተም ጭምር።

የግድግዳው ነገር ይቆይ ልል ነበር። አይ፣ እሱም ይታሰብበት፣ ጣሪያውም። ልጅ ሆኜ የአዳማ ንፋስ የማድቤታችንን ቆርቆሮ ገንጥሎ ሲወስደው እናቴ ድስቱን አቅፋ አቧራው ውስጥ ቆማ ቀረች። ጋምቤላም በ2006ቱ ክረምት የሌይቹዎርን ካምፕ ጎርፍ አጥለቀለቀው። ስለዚህ መሬቱን በክረምት የሚያውቁትን ሰዎች ጠይቁ።

አንቺ ልጅ፣ ይህን ካነበብሽ ቅዳሜ ከሰዓት ቤት አለሁ። ሥዕሉን ይዘሽ ነይ፤ ከበሩ እንጀምራለን።