የባል ስም ሌላ፣ የሚስት ሌላ

ጥያቄ፦ ለሥራ ድሬ ከመጡ ሊትዌኒያውያን ባልና ሚስት ጋር ተዋወቅን። የቤተሰብ ስማቸው ግን አልገጠመልኝም። የሱ በ‹አስ›፣ የሷ በ‹ኢየኔ›፣ የልጃቸው በ‹አይቴ› ያልቃል። ስማችን አገራችንም ብርቅ ነው ይላሉ። ምንጩ ይታወቃል? (ከከዚራ)

መልስ፦ አቦ፣ ቤተሰቡ አንድ ነው! እዚያ ስም እንደ ጾታና እንደ ትዳር ጫፉን ይቀይራል። አባት ካዝላውስካስ ከተባለ ሚስቱ ካዝላውስኪየኔ፣ ያላገባች ልጁ ካዝላውስካይቴ ናት። ከ2003 እ.ኤ.አ. ወዲህ ሴቶች ትዳራቸውን የማይናገር፣ በ‹ኤ› ብቻ የሚያልቅ ስም መያዝ ይችላሉ። ደግ አደረጉ፤ ማግባት አለማግባቷ ለማን ምኑ ነው?

ካዝላውስካስ እንኳን እዚያ ሞልቷል። ብርቅ ስም ላይ ነው ጣጣው፤ የድሮ የቤተ ክርስቲያን መዝገቦች በላቲን፣ በፖላንድኛ ወይም በሩሲያኛ ስለተጻፉ አንዱ ቤተሰብ እዚህ በ‹ስኪ›፣ እዚያ በ‹ስካስ› ሆኖ ይገኛል፣ ስለዚህ ብርቅ የመሰለው የታወቀ ስም ሌላ አጻጻፍ ሊሆን ይችላል። ስንት ሰው እንደያዘውም ሲቆጠር የወንዱም የሴቶቹም ቅርጽ አብሮ ይደመር። በ1985 እና በ1989 እ.ኤ.አ. በሁለት ቅጽ የወጣው የሊትዌኒያ የቤተሰብ ስሞች መዝገበ ቃላት ስሙ የተገኘባቸውን አካባቢዎች ይጠቅሳል። ከሱ ጀምሩ በላቸው።