የፈረስ ፋንድያን አብስሎ ብስባሽ ማድረግ፦ ጥያቄና መልስ

እንጅባራ አጠገብ ሁለት ፈረስና ሩብ ሄክታር የድንች ማሳ አለኝ። የቸገራችሁን ጠይቁ። አስቀድሜ ግን፦ ትኩስ ፋንድያ ሰላጣና ካሮት ላይ አይደረግም።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ የላም ፍግ የበተንኩበት መደብ ደህና ነው፤ የፈረስ ያደረግሁበትን ግን አረም ዋጠው። ለምን?

መልስ፦ ጎሽ፣ ዋናው ጥያቄ ይኸ ነው። ላም ታመሰኳለች፤ የበላችው ዳግም ታኝኮ ይደቃል። ፈረስ አያመሰኳም፤ የአረሙ ዘር ብዙው ከነነፍሱ ይወጣል። በዚያው ልክ ፋንድያ ገለባማ ስለሆነና አየር ስለሚያስገባ ከእበት ቶሎ ይግላል። ዘሩን የሚገድለውም ይኸው ግለት ነው። ክምሩ ቁመቱም ጎኑም ከ1 ሜትር አይነስ፤ ካነሰ ሙቀት አይዝም። የብረት ዘንግ መሐሉ ሰክታችሁ ከ10 ደቂቃ በኋላ አውጡት፤ በእጅ መያዝ ካቃታችሁ ግሏል። የምንፈልገው ከ55 እስከ 65 ዲግሪ ነው። ዳር ዳሩ ስለማይግል ውጩን ወደ ውስጥ እየመለሳችሁ በየ3 ቀኑ፣ ቢያንስ 5 ጊዜ አገላብጡ። እፍኝ ጨምቃችሁ ጠብ ጠብ ካለ እርጥበቱ ልክ ነው፤ ውሃው ከፈሰሰ ጭድ ጨምሩ። ከዚያ 2 ወይም 3 ወር ይረፍ። ሲደርስ አፈር አፈር ይሸታል።

ጥያቄ፦ የኔ አልሆነም፤ ምን ይሻላል?

መልስ፦ ምኑ ነው ያልሆነው? ቀዘቀዘ? ሸተተ? ደረቀ? እሱን ንገረኝ።

ጥያቄ፦ አመድ ልቀላቅልበት?

መልስ፦ ክምሩ ላይ አይሆንም፤ ናይትሮጅኑ በአሞኒያ መልክ ተንኖ ይሄዳል። አመዱን ለብቻው አሲዳማው ማሳ ላይ በትነው።

አባል ከደብረ ብርሃን፦ እኛ ጋ እኮ ፋንድያው ከእበት ጋር ተለውሶ ኩበት ይሆናል።

ሌላ አባል፦ ማሳ እየተራበ ምድጃ ይጠግባል?

አባል ከደብረ ብርሃን፦ እንጨት በሌለበት አገር በምን ልጋግር? አንተ መጥተህ ታነድልኛለህ?

መልስ፦ የማገዶው ችግር እውነት ነው፣ እሷን የሚወቅስ የለም። ወደ ብስባሹ ተመለሱ።

ጥያቄ፦ በክረምትስ?

መልስ፦ ጉድጓድ ውሃ ይሞላል፤ ከመሬት በላይ ከምሩ። በላስቲክ ወይም በወፍራም ሣር ሸፍኑት፣ አለዚያ ዝናቡ ለምነቱን አጥቦት ይሄዳል። ከወንዝና ከውሃ ጉድጓድም አርቁት።

ጥያቄ፦ ትኩሱን ግጦሽ ላይ ብበትነውስ?

መልስ፦ የትሉን እንቁላል ለፈረስህ መልሰህ ማብላት ነው። ተወው።

ጥያቄ፦ ፈረሴ ያነክሳል።

መልስ፦ የእንስሳት ሐኪም ጋ ውሰደው።

ጥያቄ፦ ትንሽ ትኩስ ፋንድያ ለሰላጣ ቢሆን ግን...

መልስ፦ አይሆንም! መጀመሪያ የተናገርኩትን አንብብ።

ጥያቄ፦ እናቴ ክምሩን በባዶ እግሯ ነው የምታገላብጠው። ችግር አለው?

መልስ፦ አለው እንጂ! የመንጋጋ ቆልፍ (ቴታነስ) ጀርም በፈረስ አንጀት ውስጥ ይኖራል፣ ከፋንድያው ጋር ይወጣል፣ በቁስል ይገባል። ጭረት ይበቃዋል። ቦት ጫማ ግዛላት፤ የቴታነስ ክትባት ወስዳ እንደሆነም ጠይቃት። ካልወሰደች ነገ ጠዋት ጤና ጣቢያ ይዘሃት ሂድ፤ እስከዚያ ክምሩን አንተ አገላብጥ።