እናቴ ትራመድ ወይስ ትረፍ?

ጥያቄ፦ እናቴን ጉልበቷን ያማታል። «መራመድ የቀረውንም ይጨርሰዋል» ብላ ቤት መዋል ጀምራለች። እውነቷን ነው?
ከደሴ

መልስ፦ እባክዎ፣ እናትዎ እንዲህ ተቀምጠው አይዋሉ! የአጥንቶቹን ጫፍ የሚሸፍነው ካርቲሌጅ የደም ሥር የለውም፤ ሴሎቹ የሚመገቡት ከመገጣጠሚያው ፈሳሽ ነው። ስንራመድ ጫናው መጣ ሄድ ሲል ፈሳሹ እንደ ስፖንጅ ውኃ ይወጣል፣ ይገባል። ሴሎቹም ጫናውን ይለዩታል። ልከኛ ሲሆን ቲአርፒቪ-4 የተባለው የሴሉ በር ተከፍቶ ካልሲየም ይገባል፣ ሴሉም ሽፋኑን ይጠግናል። ከባድ ምት ግን ፒየዞ የተባሉትን በሮች ከፍቶ ሴሉን ሊገድል ይችላል።

ኢንተርሉኪን-1 የተባለው የብግነት (መገጣጠሚያው ተቆጥቶ ሲያብጥና ሲሞቅ) መልእክት ሲበዛ ደግሞ ያው ሴል ሽፋኑን የሚያፈርስ ኢንዛይም ያመነጫል። ስለዚህ ጉልበታቸው ካበጠ ወይም ከሞቀ አስቀድመው ሐኪም ያሳዩዋቸው። ካልሆነ እኔ በፊዚዮቴራፒ ክፍሌ እንደማደርገው፣ ጠዋት ወንበር ላይ ተቀምጠው እግራቸውን ቀስ እያሉ ይዘርጉ፣ ይጠፉ፤ ከዚያ ሜዳ ሜዳውን ይራመዱ። ዳገቱ ይቆያቸው።