እጀታው ውስጥ የተደበቀው ስም

ባለፈው ክረምት አንድ ልጅ ደወለልኝ። «ጋሼ፣ ስለ ዘመናችን የጃፓን ጎራዴ ሠሪዎች ማመሳከሪያ መጽሐፍ እያዘጋጀሁ ነው። እስካሁን የአራት መቶ ሰው ታሪክ ሰብስቤያለሁ» አለኝ። ደስ አለኝ። በዚህ ሥራ ስንት ዓመት ቆይቼ በአማርኛ እንዲህ ብሎ የደወለልኝ እሱ የመጀመሪያው ነው።

«ጎበዝ! ከአራት መቶዎቹ የስንቱን ጎራዴ እጀታው ወልቆ አይተሃል?» አልኩት።

ዝም አለ። መስመሩ የተቋረጠ መስሎኝ ሃሎ፣ ሃሎ አልኩ።

«የአንዱንም» አለኝ በመጨረሻ። «ሁሉንም ከኢንተርኔትና ከመጻሕፍት ነው የወሰድኩት።»

አልተቆጣሁትም። እኔም የጀመርኩት እንደዚያው ነው። ግን ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ ብዙ ነገር ሳልነግረው እንደቀረሁ ተሰማኝ። እንደ እሱ ያላችሁ ሌሎች ወጣቶችም ስለምትኖሩ፣ ጎራዴ ባይሆን ሽመና ወይም የድሮ ሰዓት የምትሰበስቡ፣ ቁጭ ብዬ ልጻፈው አልኩ።

ወደዚህ ነገር የገባሁት አስቤበት አይደለም። በ1966 ዓ.ም. ብረታ ብረት ልማር ጃፓን ሄድኩ። አብዮቱ ፈነዳ፣ እዚያው ቀረሁ። አንድ እሁድ አስተማሪዬ አንድ ጎራዴ ሠሪ ቤት ይዞኝ ሄደ። ሰውየው ነጭ ልብስ ለብሶ፣ መስኮቱን በሙሉ ዘግቶ፣ ጨለማ ውስጥ የብረቱን ቀለም እያየ ይሠራል። የጋለ ብረት ትክክለኛ ቀለሙ የሚታየው በጨለማ ነው። ሲጨርስ አንድ ያለቀ ጎራዴ አመጣና እጀታውን አወለቀልኝ። ስሙ፣ ያገሩ ስም፣ ቀኑ፣ ሁሉም ብረቱ ላይ ተቀርጿል።

እኔ ባደግኩበት ሰፈር ጫፍ ላይ አንድ ቀጥቃጭ ነበር። ማረሻውንም ማጭዱንም ለአገሩ ሁሉ የሚሠራው እሱ ነው። እኛ ልጆቹ ግን በበሩ ስናልፍ እንሮጥ ነበር፣ ቡዳ ነው ተብለን። ስሙን ዛሬ ብትጠይቁኝ አላውቀውም። በዚያ ቀን ኦሳካ አጠገብ፣ ስሙን በመሮ የቀረጸ ቀጥቃጭ ፊት ቁጭ ብዬ፣ ትዝ ያለኝ ይኼ ሰው ነው። አፈርኩ።

አሁን ወደ ሥራው። ከዚህ በኋላ የምጠቅሰው ዓመት ሁሉ በፈረንጅ ነው።

ስለ ጥንቶቹ የጃፓን ጎራዴ ሠሪዎች ለዘመናት ተጽፏል። ስለ ቅርቦቹ ግን የሚጽፍ ሰው ለረጅም ጊዜ አልነበረም። ምክንያቱ ግልጽ ነው። በ1876 የሜጂ መንግሥት በአደባባይ ጎራዴ መታጠቅን ከለከለ። ገበያው ባንድ ቀን ሞተ ማለት ይቻላል። ብዙዎቹ ሠሪዎች ወደ ቢላዋና ወደ ማጭድ ዞሩ። በ1906 ጋሳን ሳዳካዙና ሚያሞቶ ካኔኖሪ የንጉሠ ነገሥቱ ቤት ባለ እጆች ተብለው ሲሾሙ ሙያው ትንሽ ተነፈሰ። በ1933 ቶኪዮ በሚገኘው የያሱኩኒ መቅደስ ግቢ ውስጥ የጎራዴ መሥሪያ ተከፈተና እስከ 1945 ድረስ ወደ 8,100 የሚጠጋ ጎራዴ ወጣው። ከዚያ ሽንፈት መጣ። አሜሪካኖቹ ጎራዴውን ሁሉ እንደ መሣሪያ ቆጥረው ሰበሰቡ። ገሚሱ ቀለጠ፣ ገሚሱ ባሕር ገባ፣ ገሚሱ በወታደር ሻንጣ አሜሪካ ገባ። ሥራው እንደገና የተፈቀደው በ1950ዎቹ መጀመሪያ ነው። በ1955 ታካሃሺ ሳዳትሱጉ ከጎራዴ ሠሪዎች የመጀመሪያው «ሕያው ብሔራዊ ቅርስ» ሆነ፤ መንግሥት ለታላላቅ ባለ እጆች የሚሰጠው ማዕረግ ነው።

ይህን የምነግራችሁ ለፈተና አይደለም። አንድ ጎራዴ እጃችሁ ሲገባ መጀመሪያ የምትጠይቁት ከዚህ ታሪክ የትኛው ክፍል ውስጥ ነው የተሠራው የሚለውን ስለሆነ ነው። በጦርነቱ ጊዜ ለመኮንኖች በገፍ የወጣው አብዛኛው በፋብሪካ ብረት፣ በዘይት የተነከረ ነው። ባህላዊው ግን ከብረት አሸዋ በከሰል ከወጣ ብረት፣ እየታጠፈ የተቀጠቀጠ፣ በውሃ የተነከረ ነው። ሁለቱም ፊርማ ይኖራቸዋል። ሁለቱም «ሾዋ 18» ሊሉ ይችላሉ፣ በንጉሠ ነገሥቱ ዘመን ተቆጥሮ 1943 ማለት ነው። አንዳንዱ ላይ ትንሽ ማህተም ታገኛላችሁ። ኮከብ ከሆነ ሠሪው ለጦር ሠራዊቱ በባህላዊው መንገድ እንዲሠራ የተፈቀደለት ነው ማለት ነው። ሌሎቹ ማህተሞች ብዙ ጊዜ ተቃራኒውን ነው የሚናገሩት። ይህን ሳይለይ ሁሉንም አንድ ላይ የደረደረ መጽሐፍ እኔ አልገዛም።

አሁን እጀታው። የጃፓን ጎራዴ እጀታ ብዙውን ጊዜ የሚያዘው በአንዲት የቀርከሃ ችንካር ነው። እሷ ስትወጣ እጀታው ይወልቃል፣ ናካጎ የሚባለው የብረቱ ክፍል ይታያል። ፊርማው እዚያ ነው። ናካጎው ዝጓል። ዝገቱን እንዳትነኩት! አንድ ቀን አንዲት ባልቴት የሞተ ባላቸውን ጎራዴ ይዘውልኝ መጡ። ለእኔ እንዲያምር ብለው ሌሊቱን ናካጎውን በብረት መፈግፈጊያ ሲያሹት አድረዋል። ብር ይመስላል። የዕድሜው ምስክር ዝገቱ ነበር። ምን ልበላቸው? «እግዜር ይስጥልኝ» ብዬ ቡና አፈላሁ።

ስለቱን በባዶ እጅ አትንኩ። ከጎራዴው በላይ ሆናችሁ አታውሩ፣ ምራቅ ያዝገዋል። ፎቶ ስታነሱ መብራቱን ከጎን፣ ዝቅ አድርጉት፣ የመሮው ጉድጓድ ጥላ እንዲጥል። ከፎቶ በላይ ግን እኔ የማምነው ወረቀቱን ነው። ልጆች ሆነን ሳንቲም ከወረቀት ስር አድርገን በእርሳስ እናሸው የለ? ልክ እንደዚያ ነው። ስስ የጃፓን ወረቀት ናካጎው ላይ ዘርግቶ በጠጣር ጥቁር ቀለም ማሸት ነው። ኦሺጋታ ይሉታል። ስታሹት እጃችሁ ቀስ ስለሚል ዓይናችሁም ቀስ ይላል። የትኛው ጭረት ጠለቅ እንዳለ፣ ሠሪው መሮውን ከየት ወደ የት እንደመታ ታያላችሁ። አስር ዓመት ፎቶ ስመለከት ያላየሁትን አንድ ከሰዓት በኋላ ወረቀት ሳሽ አይቻለሁ።

ስም ሌላ ራስ ምታት ነው። የጃፓን ፊደል አንዱ ምልክት ብዙ ንባብ አለው። ቅድም የጠራሁት ጋሳን ሳዳካዙ (1836–1918) ስሙን በሁለት ፊደል ነው የሚጽፈው። የልጅ ልጁም (1907–1995) በ1971 ሕያው ብሔራዊ ቅርስ የተባለው፣ ስሙን በእነዚያው ሁለት ፊደሎች ነው የሚጽፈው። አያትየው ሳዳካዙ ሲባል የልጅ ልጁ ሳዳኢቺ ይባላል፣ ሰው እንዳይምታታ። ብረቱ ላይ ግን ልዩነት የለም። ሳዳኢቺ ደግሞ በወጣትነቱ ሳዳሚትሱ እያለ ይፈርም ነበር። በመካከላቸው ያለው ሳዳካትሱ፣ የአንዱ ልጅ የሌላው አባት፣ በአባቱ ስም ጎራዴ ሠርቷል። ማታለል አይደለም። በቤቱ ወግ የተፈቀደ ነው። እንግዲህ ከአራት መቶው ሰው ስንቱ በሁለት ስም ሁለት ቦታ ገብቶ ይሆን? ልጁን ይህን ብጠይቀው ኖሮ ስልኩን ይዘጋብኝ ነበር።

የዘመን አቆጣጠር ላይ እኛ ሐበሾች ትንሽ ብልጫ አለን ብዬ አስብ ነበር። ሰባት ስምንት ዓመት እየቀነስን እየደመርን ነው የኖርነው። የንጉሠ ነገሥቱ ዘመን ሾዋ ከሆነ 1925 ደምር፣ ታይሾ ላይ 1911፣ ሜጂ ላይ 1867፣ በቃ። አንዳንድ ጎራዴ ላይ 2600 የሚል ዓመት ታያላችሁ፣ እሱም ከመጀመሪያው ንጉሠ ነገሥት ጀምሮ የተቆጠረ ነው፣ 1940 ማለት ነው። ወሩ ብዙ ጊዜ ሁለተኛ ወይም ስምንተኛ ይሆናል። ልማድ ነው እንጂ ሁሉም በእነዚያ ወራት ተሠሩ ማለት አይደለም። ይህን ሁሉ አውቃለሁ ብዬ ነው ጉድጓድ የገባሁት።

አንድ ጎራዴ ላይ «ሾዋ 16፣ በ67 ዓመቱ» የሚል አገኘሁ። ሾዋ 16 ማለት 1941። ስልሳ ሰባት ስቀንስ 1874። የሰውየው ልደት የትም አልተጻፈም ነበርና ስለ ጎራዴ ሠሪዎች ባዘጋጀሁት መጽሐፌ ላይ በኩራት 1874 ብዬ አሳተምኩት። ከሰባት ዓመት በኋላ የልጅ ልጁ ደብዳቤ ጻፈችልኝ። አያቴ የተወለዱት በ1875 ነው፣ የቤተሰብ መዝገባችን ይኸው፣ አለች። እኔም እንዲህ ብዬ መለስኩላት፦ ልክ ነሽ ለማለት ይቸግረኛል፣ ከእኔ በኋላ የወጡ ሁለት መጻሕፍትም 1874 ይላሉ።

ደብዳቤውን ፖስታ ቤት ካስገባሁ በኋላ ሆዴ አልረጋ አለ። ሁለቱን መጻሕፍት አውጥቼ አየሁ። ሁለቱም ከእኔ ነው የገለበጡት። ምስክሬ ብዬ የቆጠርኳቸው የገዛ ስህተቴ ልጆች ናቸው።

ስህተቱ የቱ ጋ ነበር? በድሮው የጃፓን ቆጠራ ሕፃን ሲወለድ አንድ ዓመቱ ነው። ከዚያ አዲስ ዓመት በገባ ቁጥር አንድ ይጨምራል። በፈረንጅ ታኅሣሥ መጨረሻ የተወለደ ልጅ በሳምንቱ ሁለት ዓመት ይሆነዋል። ጎራዴ ሠሪው በድሮው ልማድ 67 ብሎ ሲቀርጽ በእኛ ቆጠራ 65 ወይም 66 ነበር። አንድ ዓመት ምን ያመጣል ትሉ ይሆናል። ለዚያች ሴት አያቷ ናቸው። ለሁለተኛ ጊዜ ጻፍኩላት፣ ይቅርታ ጠየቅሁ። በሚቀጥለው እትም የእርማት ገጽ የመጀመሪያው መስመር የእሳቸው ነው። አሳታሚው መጽሐፉን ያረክሰዋል ብሎ የእርማቱን ገጽ መጨረሻ ላይ በደቃቅ ፊደል ሊደብቀው ፈልጎ ነበር። ተጣላን። ፊት ለፊት ገባ።

ከዚያ ወዲህ አንድ ነገር የማላውቅ ከሆነ ባዶ እተወዋለሁ። መጽሐፌ ውስጥ ከስሙና ከአንድ ፊርማ በቀር ምንም የሌለባቸው ገጾች አሉ። መጀመሪያ ላይ ያሳፍሩኝ ነበር። አሁን ደብዳቤ የሚያመጡልኝ እነሱ ናቸው። ሰው ባዶ ቦታ ሲያይ የሚያውቀውን ይልካል፤ የተሞላ ቦታ ሲያይ ግን ዝም ብሎ ይገለብጣል።

በሕይወት ያሉትን ቶሎ አነጋግሩ። ዛሬ ጃፓን ውስጥ ጎራዴ ለመሥራት ፈቃድ ካለው ሰው ዘንድ ቢያንስ አምስት ዓመት መለማመድ፣ ከዚያም የመንግሥቱን ሥልጠና ማለፍ ግድ ነው። ፈቃድ ያለውም በወር ከሁለት ረጅም ጎራዴ በላይ መሥራት አይችልም። ባህላዊው ብረት የሚወጣው ሺማኔ ግዛት ኦኩኢዙሞ ከሚገኘው በ1977 እንደገና ከተጀመረው እቶን ነው፣ እሱም በጃፓን የብርድ ወራት ብቻ፣ ሦስት ቀን ሦስት ሌሊት ሳይጠፋ እየነደደ። ስለዚህ እነዚህ ሰዎች ጊዜ የላቸውም። ስትሄዱ «ለምን ጎራዴ ሠሪ ሆኑ?» ብላችሁ አትጠይቁ፣ ለጋዜጠኛ ሺህ ጊዜ መልሰውታል። «መዶሻውን ማን ይመታልዎት ነበር?» በሉ። ሽማግሌው ሳቅ ብሎ አምስት ስም ይጠራላችኋል። ሦስቱ የትም መጽሐፍ ላይ የሉም። ሚስቱንም አነጋግሩ። የሂሳብ ደብተሩን የያዘችው እሷ ነች፣ ማን መቼ ምን እንደገዛ ደብተሩ ላይ አለ።

ስለ ማሳተም ብዙ የምለው የለኝም። ገንዘብ የለውም። ጥቂት መቶ ቅጂ ይታተማል፣ ገሚሱ አልጋችሁ ስር ያድራል። የትዳር ጓደኛችሁ ይህን አስቀድሞ ይወቅ። የጎራዴ ባለቤቶችን ስምና ከተማ አታውጡ፣ ሌባም መጽሐፍ ያነባል። አንድ ነገር ግን ልጨቅጭቃችሁ፦ ማውጫው። እኔ የመጀመሪያውን መጽሐፌን ማውጫ በንባብ ቅደም ተከተል ነበር ያዘጋጀሁት። አንድ አንባቢ «ጌታዬ፣ ስሙን ማንበብ ብችል መጽሐፍዎን ምን አደርገዋለሁ?» ብሎ ጻፈልኝ። እውነቱን ነው! ጎራዴ ይዞ የተቀመጠው ሰው የሚያየው የፊደሉን ቅርጽ ብቻ ነው። ከዚያ በኋላ በፊደሎቹ የጭረት ብዛት አዘጋጀሁት፣ አራት ወር ፈጀብኝ።

ልጁ ባለፈው ወር እንደገና ደወለ። ከሚኖርበት ከተማ አጠገብ አባቱ ወታደር የነበረ አንድ ሽማግሌ አግኝቶ ሦስት ጎራዴ እጀታቸውን አውልቆ አይቷል። የአንዱን ናካጎ በወረቀት አሽቶ በስልክ ላከልኝ። የመጀመሪያ ሥራ ስለሆነ ወረቀቱ ተንሸራቷል፣ ቀለሙም በዝቷል። ከአራቱ ፊደሎች ሦስቱን አንብቧል። አራተኛው ላይ በእርሳስ የጥያቄ ምልክት አድርጎ ትቶታል።

መነጽሬን ጠርጌ፣ መብራት አብርቼ፣ ከግማሽ ሰዓት በላይ አየሁት። እኔም አላነበብኩትም።

«ከአራት መቶው ስንት ቀረ?» አልኩት።

«ሦስት» አለኝ።