ከኮሎራዶ የሚነሣውን ጭነት የሚያሳየው ሰንጠረዥ ምን ይነግረናል?

ወንድማችን የጠየቁት ባጭሩ ይህ ነው፤ ከኩባንያ ሾፌርነት ወጥተው የራስዎን የጭነት መኪና ሊገዙ ሲያስቡ፣ የሒሳብ ባለሙያዎ ከኮሎራዶ የሚነሣውን ጭነት በዶላርና በቶን የዘረዘረ የመንግሥት ሰንጠረዥ ሰጡዎት፤ ቁጥሩ ግን ዴንቨር ላይ አራግፈው መውጫ ጭነት ሲያጡ ከሚያዩት ጋር አልጣጣም አለዎት። በእኔ አስተያየት ሰንጠረዡ ስሕተት የለበትም፤ የሚመልሰው ግን እርስዎ የጠየቁትን ጥያቄ አይደለም። ይህን የምለው መኪና ከመግዛቴ በፊት ዴንቨር አጠገብ በነበረ መጋዘን የዕቃ መላኪያ ክፍል ስሠራ፣ እ.ኤ.አ. በ2017 የዚሁኑ ጥናት ቅጽ በገዛ እጄ ስለሞላሁ ነው።

ጥናቱ ኮሞዲቲ ፍሎው ሰርቬይ (የሸቀጥ ፍሰት ጥናት) ይባላል። የአሜሪካ የሕዝብ ቆጠራ መሥሪያ ቤት የሆነው ሴንሰስ ቢሮና የትራንስፖርት ስታቲስቲክስ ቢሮ ከ1993 ጀምሮ፣ ከ1997 ወዲህ ደግሞ በ2 እና በ7 በሚያልቁ ዓመቶች ያካሂዱታል። በ2017 ወደ 100,000 የሚጠጉ ድርጅቶች በናሙና ተመርጠው፣ እያንዳንዱ በየሩብ ዓመቱ የአንድ ሳምንት ጭነቱን ብቻ እንዲያሳውቅ ተጠየቀ። የእኛ መጋዘን በሳምንት ከ40 በላይ ጭነት ይልክ ስለነበር ሁሉንም መዘርዘር አይጠበቅብንም፤ የቢል ኦፍ ሌዲንጉን፣ ማለትም ከየጭነቱ ጋር የሚሄደውን ሰነድ፣ ክምር ፊቴ አስቀምጬ፣ በመመሪያው በተሰጠው ልክ እየዘለልኩ እመዝ ነበር። ለተመዘዘው ጭነት ዋጋውን ያለ ማጓጓዣ ክፍያ፣ ክብደቱን በፓውንድ፣ የሸቀጡን መለያ ቁጥር፣ የመድረሻውን ዚፕ ኮድ (የፖስታ አካባቢ መለያ ቁጥር) እና በምን እንደሄደ እጽፋለሁ። ርቀት አልተጠየቅሁም፤ እርሱን ቢሮው ራሱ ከዚፕ ኮድ ወደ ዚፕ ኮድ ያሰላዋል። ስለዚህ እርስዎ ጭነት ፍለጋ ባዶ ተጎታች እየሳቡ የሚነዱት ማይል እዚያ ቁጥር ውስጥ የለም።

ቀጥሎ ማስተዋል የሚገባዎት «ከኮሎራዶ የሚነሣ» የሚለውን አነጋገር ነው። የተመረተበት ቦታ ማለት አይደለም፤ ዕቃው ላኪው ድርጅት በር ላይ የተጫነበት ቦታ ማለት ነው። ከውጭ አገር ገብቶ ከሎንግ ቢች ወደብ እስከ መጋዘናችን የመጣው ዕቃ በዚያ ጉዞው አይቆጠርም፤ ከመጋዘናችን ወደ ሱቅ ሲወጣ ግን የኮሎራዶ ጭነት ሆኖ ይመዘገባል። ካንሳስ ውስጥ ተመርቶ ወደ እኛ የተላከ ዕቃ ደግሞ አንድ ጊዜ የካንሳስ፣ ሁለተኛ ጊዜ የኮሎራዶ ተብሎ ይቆጠራል። በአንጻሩ ከእርሻ በቀጥታ የሚወጣው የሳን ሉዊስ ሸለቆ ድንች፣ ከጉድጓድ የሚወጣው የዌልድ አውራጃ ድፍድፍ ዘይትና አብዛኛው የችርቻሮ ሱቅ ጭነት ከጥናቱ ውጭ ናቸው፤ በኢንተርስቴት 70 ግዛቱን አቋርጦ የሚያልፈውም ለኮሎራዶ አይቆጠርላትም። ባለሙያዎ ሌላ ከፍ ያለ ቁጥር ካሳዩዎትና ያም ፍሬይት አናሊሲስ ፍሬምወርክ ከሚባለው የመንግሥት ግምት የመጣ ከሆነ ልዩነቱ አያስደንግጥዎ፤ እርሱ ይህንኑ ጥናት መሠረት አድርጎ የጎደለውን ከሌሎች ምንጮች ይሞላል።

ከሁሉም በላይ ሰው የሚያሳስተው የቶን ዓምድ ነው። ጠጠር፣ ሲሚንቶና ነዳጅ ክብደታቸው ብዙ፣ መንገዳቸው አጭር ነው። በ2012 በመላ አገሪቱ ከተጓጓዘው ክብደት 71 ከመቶ ያህሉን የጭነት መኪና ብቻ ቢያነሣም፣ ክብደት በርቀት ተባዝቶ በቶን-ማይል ሲሰላ ድርሻው ወደ 42 ከመቶ ገደማ ይወርዳል። ስለዚህ ጠቅላላውን ትተው በኪራይ የሚሠራውን መኪና ረድፍ ይመልከቱ፤ ላኪው በራሱ መኪና የሚያጓጉዘው ብዙ ጭነት ለእርስዎ የተዘጋ በር ነውና። የአንድ ጭነት አማካይ ርቀት የሚለውንም ከጠቅላላው ረድፍ አይውሰዱ፤ በፖስታና በኩሪየር የሚሄዱት ትናንሽ እሽጎች ቁጥራቸው እጅግ ብዙ ስለሆነ አማካዩን ወደ ራሳቸው ይስቡታል።

እኔ የተሳሳትኩት ግን በሌላ በኩል ነው። ፍላትቤድ (ግድግዳና ጣሪያ የሌለው ተጎታች) ስገዛ፣ አንድ የሸቀጥ ዓይነት ከ2007 ወደ 2012 በቶን መጨመሩን አይቼ ሥራው እያደገ ነው ብዬ ተማመንኩ፤ የናሙና ስሕተቱ የተጻፈበትን ሰንጠረዥ ከፍቼ አላየሁም። ኮፊሸንት ኦፍ ቬሪዬሽን የሚሉት ቁጥር ግምቱ ምን ያህል ሊዋዥቅ እንደሚችል በመቶኛ ይናገራል። ለምሳሌ ግምቱ 100 ሺህ ቶን፣ ይህ ቁጥር ደግሞ 30 ከመቶ ቢሆን፣ በ90 ከመቶ የመተማመኛ ደረጃ እውነተኛው መጠን ከ51 ሺህ እስከ 149 ሺህ ቶን ባለው ውስጥ ነው ማለት ነው፤ በእንዲህ ያለ ስፋት ውስጥ ጭማሪም ቅናሽም ማየት ቀላል ነው። በቁጥር ፈንታ ኤስ የሚል ፊደል ካገኙ ግምቱ ለመታተም አልበቃም ማለት እንጂ ጭነት የለም ማለት አይደለም።

የዴንቨር ችግር ደግሞ በመነሻው ሰንጠረዥ ብቻ አይታይም። ከተማው ከሚልከው የሚቀበለው ስለሚበልጥ፣ ወደ ውስጥ ሲገቡ ደኅና የሚከፍለው ብሮከር (የጭነት ደላላ) ሲወጡ በርካሽ ይደራደርዎታል። ይህን ለማየት ወደ ኮሎራዶ የሚገባውን ከሚወጣው ጋር ማስተያየት ያስፈልጋል፤ ናሙናው የሚመረጠው በላኪዎች መነሻ ቦታ ስለሆነ ግን የመድረሻው ግምት አብዛኛውን ጊዜ የላላ ነው።

የሒሳብ ባለሙያዎ በኮምፒውተር መሥራት ከቻሉ ከሰንጠረዡ ይልቅ ለሕዝብ የተለቀቀውን የነጠላ ጭነቶች መዝገብ ያውርዱ፤ የ2012ቱ 4.5 ሚሊዮን ያህል፣ የ2017ቱ ወደ 6 ሚሊዮን የሚጠጋ ጭነት ይዟል። መነሻው ኮሎራዶ፣ ማጓጓዣው የኪራይ መኪና፣ ክብደቱ ከ20,000 ፓውንድ በላይ፣ ርቀቱ ከ250 ማይል በላይ የሆነውን ይለዩልዎ፤ ቅዝቃዜ የሚያስፈልገው ጭነትም ምልክት ስላለው ሪፈር (ማቀዝቀዣ ያለው ተጎታች) ወይስ ድራይ ቫን (ማቀዝቀዣ የሌለው ዝግ ተጎታች) የሚለውን ለመመዘን ይረዳል። እያንዳንዱ መዝገብ ስንት ጭነት እንደሚወክል የሚናገር ማባዣ ቁጥር አለው፤ ያለ እርሱ ረድፍ መቁጠር ምንም ትርጉም የለውም። ሩብ ዓመቱም ስለተመዘገበ፣ በመኪናው ዕዳ ላይ የትኞቹ ወራት ሊከብዱዎት እንደሚችሉ በግምት ያያሉ። የትኛውን ተጎታች እንዳሰቡ ቢጽፉልኝ የትኞቹን የሸቀጥ መለያ ቁጥሮች ማየት እንዳለባቸው እጠቁማለሁ።